ምሰሶው ማን ላይ ይወድቃል?



ሐኪምና መሐንዲስ አንድ አዳራሽ ውስጥ የምናገኝበት ቀን ብዙ አይደለም፤ እስቲ ልጠቀምበት።

የምሠራው ጉለሌ ነው። አንድ ሌሊት በእንጦጦ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ያለው ወጣት ሹፌር አመጡልን። የተጋጨው ኮንክሪት ውስጥ ከተተከለ የማስታወቂያ ምሰሶ ጋር ነው። መኪና ሲቆም ሰውነት ወዲያው አይቆምም፤ ሰውነት ሲቆምም ውስጡ ያሉት ልብና ጉበት ገና በጉዞ ላይ ናቸው። ልጁን የጎዳው ይኸው ነው። ተርፏል፣ ግን ዛሬ አይነዳም። በማግስቱ ሳልፍ ምሰሶው ቀለሙ ብቻ ተፍቆ ቆሟል። ተናደድኩ።

ሌላው ዓለም እኮ መላ ካበጀ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የቴክሳስ ተመራማሪዎች ምሰሶውን ከሥሩ ቆርጠው በሁለት ጠፍጣፋ ብረትና በብሎን አያያዙት። የብሎኑ ቀዳዳ በጎን ክፍት ስለሆነ መኪና ሲመታው ብሎኑ ይንሸራተታል፣ ምሰሶው ይላቀቃል። ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ አይሠራም። (እኛ ጋ ደግሞ ሌሊት ተፈትቶ እንዳይወሰድ ዘበኛ ሳያስፈልገው አይቀርም።) የሚቀረው ጉቶም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ የመኪናውን ሆድ ይይዛል።

ይህንን ለአንድ የአምስት ኪሎ ጓደኛዬ በስሜት ሳወራው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እሺ ዶክተር፣ የተላቀቀው ምሰሶ ማን ላይ ነው የሚወድቀው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሽሮ ሜዳን ታውቁታላችሁ። ሸማ ገዢው፣ ተማሪው፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ ሁሉም መንገድ ዳር ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሹፌሩን ላድን ብዬ ብረቱን እነሱ ላይ ልጥል ነበር።

ስለዚህ ተላቃቂው ምሰሶ እግረኛ ለማይገባበት እንደ አዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላለው ይሁን። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን የማያስፈልገው የማስታወቂያ ብረት ይነሳ፣ የሚያስፈልገው ምልክት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ፍጥነት ይቀነስ። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ የማየው አጥንት ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነስተን በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር እንውጣ። እናንተ የየምሰሶውን አተካከል መዝግቡ፣ እኔ ደግሞ ከጎኑ ማን እንደሚቆም እመዘግባለሁ። የሚመጣ ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ስሙን ይተውልኝ።