የሚሸጠው የመመረቂያ ጽሑፍ

አቅራቢ 1፦ አጤሬራ ይዞ የተገኘ ተማሪ ወረቀቱን ይነጠቃል፤ ጉዳዩም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ያስጻፈው ግን ጋውን ለብሶ ይመረቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አቅራቢ 2፦ ማስታወቂያውም እኮ በግላጭ ነው፣ እህቴ። በየመብራት ምሰሶው ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከርዕስ መረጣ እስከ መደምደሚያው ሠርቶ የሚያስረክብ አይጠፋም።

አቅራቢ 1፦ ፈተናው ላይስ ቁጥጥሩ ጠብቋል። በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናም ተጀመረ።

አቅራቢ 2፦ የመውጫ ፈተና ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አይነግርሽም። የጽሑፍ ስርቆት መፈተሻ ሶፍትዌሩም የሚይዘው የተገለበጠውን ነው፤ አዲስ ተጽፎ የተሸጠውን አያውቀውም። ሊያውቅ የሚችለው አማካሪው ነው፤ ያውም ረቂቁን በየጊዜው ካየ፣ ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «መጠይቁን ለእነማን በተንክ? ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» ብሎ ከጠየቀ።

አቅራቢ 1፦ ብዙ ተማሪ የተጫነበት መምህር ይህን በምን ጊዜው ያደርገዋል? ፈርሞ ያሳልፋል እንጂ። ስለዚህ ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ አልጭንም።

አቅራቢ 2፦ እኔም አልጭንም። ጽፎ የሚሸጠውም፣ ሳያነብ የሚፈርመውም ይጠየቁ። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ሆይ፣ እባካችሁ ለአንድ አማካሪ የምትመድቡትን ተማሪ ቀንሱ፤ ለዲፌንስም በቂ ሰዓት ስጡ።