አትክልትና ፍራፍሬ በቤተሰብ ገበታ ላይ፤ የገቢና የልማድ ተጽዕኖ



የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ድንችና ስኳር ድንችን የመሳሰሉት በዚህ ቁጥር አይገቡም። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። አምስት ዐዋቂዎች ላሉበት ቤት ሲሰላ ግን በቀን 2 ኪሎ፣ በወር 60 ኪሎ ይሆናል። በዕለት ገቢ የሚተዳደር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ይህን ከምን ላይ ቀንሶ እንደሚገዛ ሳይጠየቅ ምክሩ ብቻ ቢደጋገም፣ ጥፋቱ የሰሚው ሊሆን አይችልም።

የቤት እመቤቲቱ ስሌት የሚጀምረው ከጉሊት ነው። ነጋዴዋ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በመደብ ደርድራ ስለምትሸጥ፣ ኪሎ ለመግዛት አቅም ያነሳት የዕለቱን ታገኛለች፤ ይሁን እንጂ በመደብ የተገዛው ሲመዘን ብዙውን ጊዜ ከኪሎው ዋጋ በልጦ ይገኛል። ከሚገዛውም ቅድሚያ ያለው ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ያለ እርሱ ወጥ አይሠራምና። ስለዚህ የሽንኩርት ዋጋ በናረ ጊዜ ከዘንቢሉ የሚቀረው ሽንኩርቱ ሳይሆን ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩና ሙዙ ነው። ሽሮ ደግሞ ወራት ይቀመጣል፤ ጥቂቱም ብዙ ሰው ያበላል። ቶሎ የሚበላሽ ቲማቲም ከእርሱ ጋር ሊወዳደር የሚችለው ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ብቻ ነው። የሽንኩርቱን ብር ከሌላው አትክልት ጋር ደምሮ የሚመዘግብ የጥናት ቅጽ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ልማድም የራሱ ድርሻ አለው። ጎመን የክረምትና የጎተራ መጉደል ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በዘመን መለወጫ ሰሞን የጎመኑ ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎው እንዲገባ መመኘት የቆየ ነገር ነው። «ጎመን በጤና» ሲባልም ጎመን የሚነሣው ለጣዕሙ አይደለም። ፍራፍሬ በአንጻሩ የክብር ዕቃ ነው፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው፣ ለጤነኛ ልጆቹ ያንኑ መግዛት እንደ ቅንጦት ሊቆጥረው ይችላል።

የጾም ነገር በተለይ ሊጤን ይገባዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቤት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲከለከሉ አትክልት ወደ ገበታው ይመለሳል። ሆኖም ወቅቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ፍልሰታ ጓሮው በለመለመበት በነሐሴ ይውላል፤ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ግን የሚገባው መስኖ የሌለው ጓሮ በደረቀበት በበጋ ነው። ያን ጊዜ ድኻው ጾመኛ የሚደገፈው በሽሮና በምስር ነው።

በአምራቹ ቤት ያለው ሁኔታም ከዚህ እጅግ አይርቅም። ማንጎውና አቮካዶው ገበያ ወጥቶ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ሆኖ ይመለሳል። ጎመን ብቻ፣ ቅጠሉ ከሥር እየተቀነጠሰ ለወራት ስለሚበላ፣ በእናቲቱ እጅ ይቆያል። ስለዚህ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወደ አንድ ቤት ስትገባ ምክሩን ከመጀመሯ በፊት ሦስት ነገር ልትጠይቅ ይገባታል፤ ጓሮ መኖሩን፣ በበጋ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ የገበያውንም ገንዘብ ማን እንደሚይዝ።