ልጅ የምንለው መቼ ነው? አዋቂስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ፒያሳ በኒ ሰፈር ኑር መስጂድ ጁሙዓ ሰግዶ የሚወጣ የ17 ዓመት ወጣት ሰላት ግዴታው ነው፤ ጾምም እንዲሁ። ብዙም ሳይርቅ፣ አራት ኪሎ ፓርላማ ለሚገባው ተወካይ ግን ድምፅ መስጠት አይችልም። ታዲያ አላህ ዘንድ ተጠያቂ የሆነ ሰው በአገሩ ጉዳይ ለምን አይጠየቅም? ጥያቄው ተገቢ ነውና ከሥሩ እንመልከተው።

የመምረጫ ዕድሜ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመራጩን ዕድሜ 21 ዓመት አድርጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 38 ላይ 18 ዓመት ይላል። በውጭው ዓለም ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ከ21 ወደ 18፣ ኦስትሪያ በ2007 ወደ 16 ዝቅ አድርገዋል። ብዙሃኑ ሙስሊም በሆነባት ኢንዶኔዥያ 17 ነው። ኢራን ግን በ15 ዓመት ስታስመርጥ ቆይታ በ2007 ወደ 18 ከፍ አደረገችው።

የአገራችን ሕግም ለሁሉም ነገር አንድ ቁጥር አላስቀመጠም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወጣት የሚቀጠረው ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። በወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላው አይጠየቅም፤ 18 ያልሞላው በሞት አይቀጣም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችል ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንዱም ለሴቷም 18 አድርጎታል።

በዲናችንም ቡሉግ አለ፣ ሩሽድ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ቀርበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱላቸውም፤ በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ ሲቀርቡ ግን ፈቀዱላቸው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ይህን ሲሰሙ የልጅና የአዋቂ ድንበር አድርገው ለሹሞቻቸው ጻፉ። የአካል ምልክት ላልታየበት ኢማሙ ሻፊዒይ 15 ዓመት ሲሉ፣ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ብለዋል።

ይሁንና ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 6 ስለ የቲም ገንዘብ ሲናገር ዕድሜውን ብቻ አያይም። የቲሙ እንዲፈተን፣ ብስለቱ ሲታይም ገንዘቡ በምስክር ፊት እንዲሰጠው ያዛል። ሰላት ግዴታ የሚሆንበትና ገንዘብ የሚያስረክቡበት ጊዜ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ምርጫም የሌላውን ሰው ጉዳይ ጭምር መወሰን ነውና፣ መንግሥት ለዚህ ከቡሉግ ከፍ ያለ ዕድሜ ቢያስቀምጥ በደል ነው አንልም።

በደሉ ያለው የራሳችን ቤት ውስጥ ነው። ልጆቻችንን አዋቂ የምናደርጋቸው ሲጠቅመን፣ ልጅ የምናደርጋቸውም ሲጠቅመን ነው። የ15 ዓመቷ ልጅ ለባል ወይም ለዐረብ አገር ሥራ ስትፈለግ «ደርሳለች» እንላለን። የአባቷ ውርስ ሲከፈል ግን «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?» እንላለን። ወንዱ ልጅ እስከ ምሽት ሱቅ ሲጠብቅ አዋቂ ነው፤ ስለ ቤቱ ሐሳብ ሲሰጥ «አንተ ልጅ፣ ዝም በል!» ይባላል።

ከዚህ የባሰው ዕድሜ ለማስጨመር ምስክር ይዞ ወረዳ መሄድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሐሰት ምስክርነትን ከታላላቅ ወንጀሎች ቆጥረውታል። ጉዳቱም በዱንያ ይታያል። የ14 ዓመት ልጅ በወረቀት 18 ከሆነ፣ ለልጅ የተደነገገው ጥበቃ ሁሉ ይቀርበታል። ሕጉ ከለላ ሊሆነው ቢፈልግ እንኳ ማስረጃው ራሱ ይመሰክርበታል።

ወላጆች ሆይ! የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ጀምሮ እየተካሄደ ነው፤ ልደት የሚመዘገበውም በ90 ቀን ውስጥ ነው። ቀድሞ የልጁን መወለድ ጎረቤት ያውቅ ነበር። በ2016 ግን ፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሶ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። ስለዚህ ወረቀቱ ዛሬውኑ በእውነተኛው ቀን ይውጣ።

ልጆቻችንን ደግሞ እንፈትናቸው። ትንሽ ገንዘብ ሰጥተን ሒሳብ እንጠይቃቸው። በቤት ሹራ ሐሳባቸውን እንስማ። በእጃችን የየቲም ገንዘብ ካለ በጽሑፍ እንያዘው፤ ሩሽዱ ሲታይም በምስክር እናስረክበው። በሞግዚትነትና በውርስ ክርክር ቢነሳ፣ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ያዩታል።

እቤቱ ሲመከር ሐሳቡ ተሰምቶለት ያደገ ልጅ 18 ሲሞላው የሚሰጠው ድምፅ የራሱ ይሆናል። ዝም በል ሲባል ያደገው ግን በ21ም ቢሆን የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚያስተጋባው።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን፤ የተሸከምነውን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።