የንግዱና የቤቱ ቀን መቁጠሪያ አንድ ይሁን

(በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)

ተራችሁን እየጠበቃችሁ ስለሆነ ብዙ አላደክማችሁም። ዛሬ የመጣሁት ስለ መርፌና ስለ እንክብል ብቻ ላወራችሁ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ሊጥ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ገበያ ቀን እንነጋገር። መርፌውና እንክብሉ የት ላይ እንደሚገቡ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

እንደምታውቁት ቆቦ የንግድ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል። ከዙሪያው ገጠር ማሽላና ጤፍ ይገባል፤ ከሸለቆው የመስኖ እርሻ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጫናል። በዚህ ሁሉ ንግድ ውስጥ እናቶች አሉበት። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ አለች፤ ቡና የምታፈላ አለች፤ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ልብስ የምትሰፋ፣ ሱቅ የምትጠብቅ አለች። እነዚህ እናቶች ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚሉኝ፣ «ሲስተር፣ ቶሎ ትሸኚኛለሽ? ዕቃዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» ነው።

ተቀጥራ የምትሠራ እናት በሕግ የተፈቀደላት የወሊድ ዕረፍት አላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። ለአባትየውም 3 ቀን ፈቅዷል። የራሷን ንግድ የምታካሂድ እናት ግን አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናት። ዕረፍት የሚፈርምላት አለቃ የላትም። እንግዲያው ዕረፍቷን የሚፈርሙላት እሷና ባለቤቷ ናቸው፤ የሚፈርሙትም ከማርገዟ በፊት ተቀምጠው ሲመካከሩ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይህን የምለው በትምህርት ቤት ስለተማርኩት ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የእንጀራ ነጋዴ ልጅ ነኝ። እናቴ ስድስት ልጆች ወልዳለች፤ አንዱ ጡት ሳይጥል ሌላው ይከተል ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ስለነበርኩ እናቴ አራስ በሆነች ቁጥር ምጣዱ ወደ እኔ ይዞራል። በገበያ ቀን መምህራችን ስም ሲጠራ እኔ እንጀራ ተሸክሜ የምግብ ቤት በር ላይ ቆሜአለሁ። በዚህ ምክንያት አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማርኩ። እናቴ ሰነፍ አልነበረችም፤ አባቴም ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ ጤፍ ዋጋ ማታ ማታ ሲመካከሩ እሰማ ነበር። ስለሚቀጥለው ልጅ ግን ሲነጋገሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። ዛሬ በዚህ ክፍል ከእናታቸው ጋር ሕፃን አዝለው የሚመጡ ትልልቅ ሴት ልጆችን በትምህርት ሰዓት ሳይ ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ቤትንና ንግድን አብሮ ለማስኬድ የሚረዱ፣ ከእናንተ ከራሳችሁም የተማርኳቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሳምንታችሁን ከገበያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩት። ሊጡ መቼ ይቦካል? ውኃው መቼ ይቀዳል? ማገዶው መቼ ይገዛል? እንደኛ ባለ ቆላ አገር ሊጥ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ አንድ ቀን አሳልፎ ማቡካትም፣ ቀድሞ ማቡካትም ኪሳራ ነው። በዋዜማው ማታ ጀሪካኖቹ ይሙሉ፤ የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የምሳው ሽንኩርት ይከተፍ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ጠዋት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለምትጀምር ሴት ነው። እንጀራ ለሽያጭ የምትጋግሩ ደግሞ የተሻሻለ ምድጃ ብትጠቀሙ ማገዶ ትቆጥባላችሁ፤ ጭሱም ስለሚቀንስ ለዓይናችሁና አጠገባችሁ ለሚተኛው ሕፃን ይበጃል።

ስለ ሕፃኑ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ በዚህ ሙቀትም ጡት ይበቃዋል። ስለዚህ ወደ ገበያ ስትወጡ ልጁ አብሮ ይውጣ፤ ከፀሐይ የሚከልለው ጥላ አዘጋጁለት። የላም ወተት በጡጦ ሞልቶ ለትልቋ ልጅ ትቶ መሄድ ተቅማጥን መጥራት ነው። ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ገንፎውን ትኩስ ትኩሱን ሠርቶ ማብላት እንጂ ጠዋት የተሠራውን እስከ ማታ ማቆየት አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ገንዘባችሁን በሦስት ዕቃ ለዩት። በአንዱ ዋናው፣ ማለትም ነገ ጤፍና ሽንኩርት የሚገዛው ይግባ። በሁለተኛው የቤት ወጪ ይግባ። በሦስተኛው ትንሽም ብትሆን ዕቁቡና ቁጠባው ይግባ። ብዙ ንግድ የሚወድቀው ገበያ ጠፍቶ ሳይሆን ዋናው በአራስ ቤት ስለሚበላ ነው። ብድር የምትወስዱም፣ ከቀድሞው አብቁተ፣ ከዛሬው ፀደይ ባንክም ይሁን ከሌላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፤ «ይህ ብድር ተከፍሎ እስኪያልቅ እርግዝና ይመጣብን ይሆን?» ክፍያው ወር ቆጥሮ ይመጣል፤ አራስ ናት ብሎ አይዘልም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሥራውን ተከፋፈሉ። ውኃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ታናሽን መጠበቅ የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ አይደለም። ወንዱም ልጅ እጅ አለው። አባወራውም ልጆቹን አልብሶ ትምህርት ቤት ቢያደርስ ክብሩ አይቀንስም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ሳሉ በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብታቸው ያደርገዋል። እንግዲህ የእንጀራው ገንዘብ የሁለታችሁም ከሆነ የእንጀራው ድካምም የሁለታችሁ መሆን አለበት።

በአራተኛ ደረጃ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። ልጅንም በዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ አስገቡት። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር መቆየት እንዳለባት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህ ማለት ታናሹ ሲወለድ ታላቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በእግሩ ይሄዳል፣ በእጁ ይበላል፣ ጡት ጥሏል። የእናትየውም ደም ተተክቷል፣ ጉልበቷ ተመልሷል። አራርቆ መውለድ ለንግዱም የሚበጀው ስለዚህ ነው።

የሥራችሁንም ወራት አስቡ። ልብስ የምትሰፋ እናት ነሐሴ 16 ከሚጀምረው ሶለል በፊት እንቅልፍ የላትም። ድግስ የምትሠራ ወይም ጠላ የምትጠምቅ በጥር የሠርግ ወር ቀና አትልም። ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ የሚወለድበትን ወር ቆርጠን አናዝዝም። ነገር ግን በየትኛው ዓመት ዝግጁ እንደምንሆን መምረጥ እንችላለን።

መከላከያውን ስትመርጡም ኑሯችሁን እያሰባችሁ ምረጡ። መርፌው በየ3 ወሩ መምጣትን ይጠይቃል። መርፌውን ካቆማችሁ በኋላ እርግዝና ለጥቂት ወራት ሊዘገይ ስለሚችል ልጅ የምትፈልጉበትን ጊዜ ቀድማችሁ ንገሩን። እንክብሉ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይዋጣል፤ የምታጠቡ እናቶች የሚስማማችሁ ዓይነት ስላለ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል። በማህፀን የሚቀመጠው ባለ መዳብ ሉፕ 10 ዓመት ያህል ይቆያል። እነዚህ ሁለቱ በፈለጋችሁ ጊዜ ይወጣሉ። ኮንዶም ደግሞ እርግዝናን ብቻ ሳይሆን ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችንም ይከላከላል። ጡት ማጥባትም ይከላከላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው። ልጁ 6 ወር ያልሞላው መሆን አለበት፤ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ መጥባት አለበት፤ የእናትየውም የወር አበባ ያልተመለሰ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ምን እንደሆነ አትረሱትም። ሱቅ ተዘረፈ፣ የጤና አገልግሎት ተቋረጠ፤ የመርፌ ቀጠሮ ያላት እናት የምትሄድበት ጠፋት። ስለዚህ በሥራ ብዛትም ሆነ በመንገድ መዘጋት መመላለስ ለሚያስቸግራችሁ፣ ረጅም ጊዜ የሚያገለግሉትን አስቡባቸው እላለሁ። ምርጫው ግን ሁልጊዜ የእናንተ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የወር አበባ ሲቀር ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል» ስትሉ እሰማለሁ። ይህ እውነት አይደለም። በመርፌው ወይም በክንድ በሚቀበረው ምክንያት የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል፤ የሚጠራቀም ደም ግን የለም። መኻን ያደርጋል የሚባለውም ሐሰት ነው። ካልተስማማችሁ ግን ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፤ ኑና ሌላ እንመርጣለን።

ቀጠሮን መርሳት የሰው ሁሉ ድካም ነው። እኔ ራሴ ለሰው ሁሉ የቀጠሮ ካርድ እየጻፍኩ የገዛ ልጄን የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ቀን አሳልፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የዕቁቡ ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ፈተና፣ የክትባቱና የእኔም ቀጠሮ እዚያው ላይ ይጻፋል። ባለቤቴም እንደኔ ያየዋል። «ነገ ቀጠሮሽ ነው፤ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ» ያለኝ ቀን ከስጦታ ቆጥሬዋለሁ።

አርግዛችሁ ከሆነ ደግሞ ክትትሉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጀምሩ። ሱቁን ማን ይጠብቃል? ደንበኛውን እንጀራ ማን ያደርስለታል? ወደ ጤና ተቋም የሚወስደው ባጃጅ የማን ነው? ይህን በስምንተኛው ወር ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ወስኑ። ደም ከታየ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ፊትና እጅ ካበጠ ወይም ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ግን ገበያው ይለፍ አትበሉ። ሚዛኑን አስቀምጣችሁ በዚያው ሰዓት ኑ።

ወደ አባወራዎቹ ልመለስ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ከእናንተ ብዙ ጊዜ ሰምቼአለሁ። ፈጣሪን ማመን መልካም ነው። ነገር ግን ዝናብ የፈጣሪ ነው ብሎ ማሽላውን በሐምሌ ሳይዘራ የሚቀመጥ የራያ ገበሬ አላየሁም። ወሩን ያውቃል፣ ዘሩን ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ ፈጣሪን ይለምናል። ለልጆቻችሁም እንዲሁ አድርጉ። ባለቤታችሁ ወደዚህ ስትመጣ በር ላይ አትሸኟት፤ አብራችሁ ግቡ።

በመጨረሻም አንድ አደራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሲኒ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። አንድ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ። ትንሹ ልጃችን ስንት ወር ሆነው? ብድራችን መቼ ያልቃል? የሚቀጥለውን ልጅ የምንፈልገው በየትኛው ዓመት ነው? እስከዚያ ድረስ የምንጠቀመው መከላከያ ቀጠሮው መቼ ነው? ሁለታችሁም የተስማማችሁበትን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሩ። ያልተስማማችሁበት ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

እኔ አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ብማርም በእናቴ ብርታት ነርስ ለመሆን በቅቻለሁ። የእናንተ ልጆች ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተምረው ይለፉ። ፈጣሪ ቤታችሁንም ንግዳችሁንም ይባርክ።

ባለተራ ትግባ፤ ባለቤቷም ካለ አብሯት ይግባ።