የቀልድ ጓዶች ሲበተኑና ሲሰባሰቡ
(በማኅበራችን የወረታ መሰባሰቢያ፣ በእራቱ ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሥራ ቀላል ይመስላል። በተማሪነታችን አምስት ሆነን በተማሪዎች ምሽት የምናቀርባት አጭር ቀልድ ነበረች። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ፣ አንዷ አስታማሚ፣ አንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ ሁሉን የማውቅ ኢንተርን። መምህሮቻችን ራሳቸውን እያዩ ይስቁ ነበር፤ ቢያንስ አልጣሉንም። እሷኑ ዛሬ ማታ መልሳችሁ አሳዩን ተባልን። ችግሩ ምንድነው፣ አምስት አይደለንም። ቀልዱን የሚጽፈውና በሽተኛውን የሚጫወተው ጓደኛችን ዐርፏል። አስታማሚዋ ባሕር ማዶ ናት። ሦስት ቀርተናል። «ሦስት ሆናችሁ ምኑን ትጫወቱታላችሁ? ይቅር» ያሉ ነበሩ፤ «የሱን ቦታ ሌላ ሰው ይያዘው» ያሉም ነበሩ። እኔም ይህ ጉዳይ ሌላው ላይ እንዴት ሆነ ብዬ ማየት ያዝኩ።

ከራሳችን ልጀምር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ቴሌቪዥን ማለት አንድ ጣቢያ ነበር። በዓል ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ቀልዱን ነው። ደረጀና ሀብቴ፣ ልመነህና አለባቸው እያልን ሁለት ሰው እንደ አንድ ስም እንጠራ ነበር። የሁለት ሰው ቀልድ ሥራው ምንድነው? አንዱ ነገር ያመጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ካላዳመጠ ቀልዱ እዚያው ይሞታል። ለዚህ ይመስለኛል ኋላ ለየብቻ ሲሠሩ ወደ ጥያቄና መልስ ያዘነበሉት። አለባቸው ተካ «አለቤ ሾው»ን ይዞ መጣ፤ እንግዳ ተቀብሎ የሚያጫውት ፕሮግራም በአገራችን ቴሌቪዥን ገና ባልተለመደበት ጊዜ። ደረጀ ኃይሌም ኋላ ላይ ሰው እየጋበዘ የሚጠይቅ አዘጋጅ ሆነ። ማዳመጥን የተማሩት ከቀልዱ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እኛስ ብንሆን? የበሽተኛ ታሪክ መቀበል ማለት ይኸው አይደል?

አለባቸው ግን በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ «ልመነህና አለባቸው ይመለሱ» ማለት አይቻልም። ለሁለት ሰው ቡድን አንዱ መጉደሉ ፍጻሜው ነው። ብዙ ሆነው የሠሩትስ?

በዓለም ላይ ይህን ነገር ረጅም ዘመን የኖሩት እንግሊዞቹ «ሞንቲ ፓይተን» ናቸው። ስድስት ነበሩ፤ ግራሃም ቻፕማን፣ ጆን ክሊስ፣ ኤሪክ አይድል፣ ቴሪ ጆንስ፣ ማይክል ፔሊንና ቴሪ ጊሊያም። በቢቢሲ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. 45 ክፍል ሠሩ። አጫጭር፣ አንዱ ካንዱ የማይገናኝ የሚመስል ቀልድ ነው። ከዚያ ተበተኑ። ክሊስ ከኮኒ ቡዝ ጋር ሆኖ «ፎልቲ ታወርስ»ን ሠራ፤ 12 ክፍል ብቻ ነው፣ ግን እስካሁን ይታያል። አይድል የቡድኑን ፊልም ወደ መድረክ ሙዚቃ ድራማ ለውጦ በ2005 እ.ኤ.አ. ብሮድዌይ አደረሰው። ፔሊን ደግሞ ተጓዥ ሆነ። በ1991 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ ከሱዳን ጎንደር ገብቶ በባሕር ዳር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ወርዷል። ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያገናኘው ዋናው መንገድ ይሄው ደጃችን ላይ ያለው ነው!

ለእኛ ግን የሚቀርበው ቻፕማን ነው። ሐኪም ነበርና። ካምብሪጅና ለንደን ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ሕክምና ተምሮ ተመርቋል። ክሊስን ያገኘው ካምብሪጅ፣ በተማሪዎቹ የቀልድ ክበብ ውስጥ ነው፤ ማለትም በእኛ የተማሪዎች ምሽት ዓይነት ቦታ። ዲግሪውን ይዞ ወደ ቀልድ ሄደ። ለዓመታት መጠጥ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ውስጥ ትልቁን ፊልማቸውን ከመቅረጻቸው በፊት ተወው። እዚያም ዋናውን ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ፣ ጎን ለጎን የታመሙ የሥራ ጓደኞቹን ያክም ነበር። በ48 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ቀኑ ጥቅምት 4 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈበት 20ኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው።

የቀሩት አምስቱ ምን አደረጉ? በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ ሲገናኙ የቻፕማን አመድ ነው ያሉትን ዕቃ ይዘው ወጡ፤ ከዚያ በእግራቸው ገለበጡትና በመጥረጊያ ማሽን ጠረጉት። እኛ አገር ቢሆን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ቀልድ የሚደፍር የለም፤ እኔም አልመክርም። ግን እነሱ በራሳቸው ቋንቋ ነው ያለቀሱት። በ2014 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ደግሞ ለንደን ኦቱ አዳራሽ አሥር ምሽት ተጫወቱ። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ በፍርድ ቤት ክርክር ተረትተው የሚከፈል ገንዘብ ነበረባቸው። የትርኢታቸውን ስያሜ «አንዱ ሄዷል፣ አምስት ይቀራሉ» የሚል ትርጉም ሰጡት። ቻፕማንን ማንም በቋሚነት አልተካውም፤ በድሮው ፊልም በስክሪን ላይ እየመጣ አብሯቸው ታየ።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በዚያ ሰሞን ቴሪ ጆንስ ቃሉ ጠፋበት። ጽሑፉን በቃሉ ይዞ በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር፤ በዚያ መድረክ ግን ከማያ ገጽ ላይ ማንበብ ግድ ሆነበት። ይህን ያስተዋለው የቅርብ ጓደኛው ማይክል ፔሊን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ለሕዝብ ተገለጸ፤ ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዥያ የሚባለው፣ አንጎልን እያጠቃ ንግግርን ቀስ በቀስ የሚነጥቅ የመርሳት በሽታ ዓይነት። በ2020 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

እስቲ እንደ ሐኪም አስቡት። ቴሪ ጆንስ የማያውቀው ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ምን ይታይ ነበር? ትንሽ ቃል የሚጠፋው የሰባ ዓመት ሽማግሌ። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር። ፔሊን ግን የድሮውን ያውቃል፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የቱን ቃል እንደሚጎትት። ማነጻጸሪያው እሱ ዘንድ ነው። የድሮ ጓደኛ ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ በፊት እንዴት እንደነበርክ የሚያውቅ ሰው።

ፎገራ ላይ የሠራን ይህን ከካላዛር ተምረነዋል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ወረርሽኙ ሲነሳ፣ መድኃኒቱን የጨረሰ በሽተኛ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ሩዝ ማሳው ይሄዳል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ጣፊያው ወርዷል፣ በልቷል። እኛ ግን «ከስድስት ወር በኋላ ና» እንለዋለን፤ መዳኑ የሚረጋገጠው ያን ጊዜ ነውና። በቀጠሮው የቀረውን ፍለጋ ጤና ኤክስቴንሽኗ ጭቃ ታቋርጣለች። ታዲያ ለበሽተኛ ይህን ያህል የምንደክም ሰዎች እርስ በርሳችን ቀጠሮ የለንም። ሐኪም ሲደክመው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ መጠጥ ሲያበዛ የሚያየው ማነው? የሥራ ባልደረባው ከአምና ወዲህ ነው የሚያውቀው። በተለይ የሚያስቀን ሰው «አንተስ እንዴት ነህ?» አይባልም፤ ከሱ የሚጠበቀው ቀልድ ነው።

እኔ አንበሳሜ ነው ያደግኩት፤ ከሐሙሲት ታጥፎ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ። እናቴ የጽዋ ማኅበር ነበራት። በወር አንድ ቀን፣ ጠላውና ዳቦው ተራ ከደረሰው ቤት ነው። እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚወራው ስለ መጣው አይደለም። «እትዬ እከሊት ምነው ቀረች?» ይባላል። ሙሴው ይጠይቃል፤ ታማ ከሆነ ጽዋው ሲያበቃ አልጋዋ ድረስ ይሄዳሉ፤ እንዲያው ከቀረች ትቀጣለች። ቅጣቱ ሳንቲም ናት፤ ዋናው ግን መቅረቷ መታወቁ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ነገር ልጠይቅ። እያንዳንዱ ባች አንድ ሙሴ ይምረጥ። ሥራው ገንዘብ መሰብሰብ አይደለም። በየሦስት ወሩ በዝርዝሩ ላይ ላለው ሁሉ ይደውላል፤ ያላነሳ ካለ በቅርቡ የሚኖር አንድ ሰው በአካል ሄዶ ያየዋል። በዓመቱ ስንሰበሰብ ከመብላታችን በፊት የቀሩት ስም ይጠራ፤ «ምነው ቀረ?» ይባልና መልስ የሚያውቅ ይመልስ። መምህሮቻችንም ለአሁኖቹ ተማሪዎች ከምረቃው ቀን በፊት ሙሴያቸውን አስመርጧቸው። ሥልክ ቁጥር ሳይቀየር፣ ሰው ሳይበተን መጀመሩ ይሻላል።

ወደ ቀልዳችን ልመለስ። እንጫወተዋለን። የጓደኛችንን ቦታ ግን ማንም አይይዝም። በተማሪነታችን የተቀዳች አንድ ካሴት እህቱ ጠብቃ ይዛልን ነበር፤ ወደ ሥልክ አስገብተናታል። በሽተኛው ድምፁ ብቻ ይመጣል፤ ባዶው ወንበር ላይ ካርዱን አስቀምጠናል። አስታማሚዋም ከባሕር ማዶ በሥልክ መስመር ላይ ናት፤ እዚያ ሌሊት ቢሆንም ነቅታ እየጠበቀችን ነው። እኛ ሦስታችን ቃሉ ሊጠፋብን ይችላል። ከጠፋብን ሳቁብን፣ ግን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩን።

የሚቀጥለው ታካሚ ይግባ።