የደረት ጡንቻ ሲበጠስ
(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ስፖርት እንድናገር ስጠየቅ ስለ ኳስ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን አራት ኪሎ ባዮሎጂ ጀምሬ ያቋረጥሁ ታክሲ ነጂ ነኝና ስለ ደረት ጡንቻ ልናገር። የሃክኒ ልጆቻችን ብረት መግፋት ወደዋል። እኛም አዲስ አበባ ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተን ስንገፋ ነው ያደግነው።

ትልቁ የደረት ጡንቻ በጅማት ከላይኛው ክንድ አጥንት ጋር ይያያዛል። መሪ ስናዞር እንኳ ይሠራል። በአብዛኛው የሚበጠሰው በጀርባ ተኝተው ከባድ ብረት ወደ ደረት ሲያወርዱ፣ ጡንቻው ተለጥጦ ሸክም በያዘበት ቅጽበት ነው። በራግቢና በትግልም ይደርሳል። ስቴሮይድ የሚወስዱ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ጡንቻው ሲፈረጥም ጅማቱ እኩል አይጠነክርም።

ተጎጂው «ጧ» የሚል ነገር ይሰማዋል። ብብቱና ክንዱ ይጠቁራል፤ የብብቱ የፊት እጥፋት ይሳሳል ወይም ይጠፋል። መዳፍ ለመዳፍ አጋጥሞ ሲጫን የሁለቱ ደረት ልዩነት ይታያል። ራጅ አጥንትን እንጂ የተበጠሰ ጅማት አያሳይም፤ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ችግሩ ሕመሙ በቀናት ውስጥ መቀነሱ ነው። ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ወጣት፣ የቀን ገቢዬ ይቋረጣል ብሎ በቅባት እየታሸ ሦስት ወር ቆየ። ወጌሻን አከብራለሁ፤ ከአጥንት የተነቀለ ጅማት ግን በመታሸት አይመለስም። ጉዳቱ ከፊል ወይም በጡንቻው መሐል ከሆነ በረዶ፣ ዕረፍት፣ ክንድን በጨርቅ ማንጠልጠልና ፊዚዮቴራፒ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ፣ ስፖርተኛና የጉልበት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ይታከማል፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን ይሻላል። ሲቆይ ጅማቱ ይሸሻል፣ ይጠባበቃል፣ ሥራውም ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ከባድ ብረት ለመግፋት ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። አሜሪካዊው ጄ ጄ ዋት በጥቅምት 2019 ተበጥሶበት በጥር 2020 ሜዳ ገባ፤ እሱን መለኪያ አታድርጉ።

ብረት ሳይነኩ ደረት ከጨነቀ፣ ላብ ካላበና ትንፋሽ ካጠረ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው 999 ይደወላል። የጡንቻው ከሆነ፣ ሆመርተን ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ዘንድ ስትሄዱ «ደረቴን አመመኝ» ብቻ አትበሉ። መቼ፣ ምን ስታነሱ፣ ድምፅ ሰምታችሁ እንደሆነ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አይከፈልበትም።