አሮጌውን ሳንነቅል አዲሱን እንትከል



በላቦራቶሪያችን ሴንትኦኤስ 7 ሊኑክስ ላይ የምንሠራበት ጂሲሲ 4.8.5 የተባለው ኮምፓይለር የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በ2017 የታተመውን የሲ ፕላስ ፕላስ ደንብ አያውቅም፤ የመመረቂያ ሥራችንም በዚህ ምክንያት ቆሟል።

«ነቅለን እንጣለው» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም፤ አዲሱን የሚወልደው አሮጌው ነውና። አሮጌው ጂሲሲ 11ን ይሠራል፤ የተሠራው ደግሞ ራሱን መልሶ ይሠራል፤ ያም እንደገና ይሠራል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲነጻጸሩ አንድ ሆነው ከተገኙ ሥራው ተቃንቷል ማለት ነው።

አዲሱን በተለየ ማኅደር እናኑረው። የሲስተሙ ሥራ በአሮጌው፣ የእኛ በአዲሱ ይቀጥል። ሴንትኦኤስ 7 ራሱ በ2024 ጥገናው ስለ ተቋረጠ እርሱን መለወጥ የነገ ግዴታችን ነው፤ የዛሬውን ግን ዛሬ እንጀምር።